መርከቡ ናፍጣ ይሞላለታል፣ ሰውየውስ?

ስለ ረጅም የውቅያኖስ ጉዞ ወሬ ሲነሳ ሁሌ የምትቀድም አንዲት ጥያቄ አለች፣ ይሄ መርከብ ሳይቆም ስንት ማይል ይሄዳል የምትል። መልሱም ሁሌ ከታንከሩ ነው የሚጀምረው፣ ይሄን ያህል ሺህ ሊትር ይይዛል፣ በሰዓት ይሄን ያህል ይበላል፣ አካፍሎ መንገር ነው በቃ። እኔም ለብዙ ጊዜ እንደዛ ነበር የማስበው። በኋላ ስለ ሩቅ ባህር ዓሣ አስጋሪ መርከቦች በደንብ ማንበብ ስጀምር ግን ሂሳቡ የሚያልቀው ሌላ ቦታ እንደሆነ ገባኝ። ዛሬ ውቅያኖስ መሀል የሚሰሩት ትልልቆቹ መርከቦች ናፍጣ አያልቅባቸውም፣ እዛው ባህር ላይ እንዳሉ ይሞላላቸዋል፣ ምግብ ይመጣላቸዋል፣ ያጠመዱት ዓሣም እዛው ይነሳላቸዋል። የሚያልቀው ሰው ነው። ነገሩ አሁን አሁን በየስብሰባው እየተነሳ ስለሆነ ከስሩ ጀምሬ ላስረዳ፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ የናፍጣውን ሂሳብ እንጨርሰው፣ እሱ ራሱ ደስ የሚል ነገር አለው። እንደ ፈጣን ጀልባ ውሃው ላይ የማይበር፣ ውሃውን እየሰነጠቀ የሚሄድ መርከብ ፍጥነቱ ጣሪያ አለው፣ ጣሪያው ደግሞ ከርዝመቱ ነው የሚመጣው። ውሃ የሚነካውን ርዝመት በጫማ ትወስድና ስኩዌር ሩቱን በ1.34 ታባዛለህ፣ የሚወጣው ቁጥር በሰዓት ስንት የባህር ማይል መሄድ እንደሚችል ይነግርሃል (አንድ የባህር ማይል 1.852 ኪሎ ሜትር ነው)። 49 ጫማ የሆነ መርከብ 9.4 አካባቢ ላይ ይደርሳል ማለት ነው፣ ከዛ በላይ ልሂድ ካለ ራሱ የፈጠረውን ማዕበል ሽቅብ እንደመውጣት ይሆንበታል፣ ናፍጣውን ይጠጣል እንጂ ብዙም አይፈጥንም። ከጣሪያው በታች ሲሆን ደግሞ ሞተሩ የሚጠየቀው ጉልበት በግምት በፍጥነቱ ኪዩብ ነው የሚያድገው። ይሄ በቁጥር ካልታየ አይገባም። 8,000 ሊትር የሚይዝ መርከብ እንውሰድ፣ በ9 ማይል ፍጥነት ሲሄድ በሰዓት 40 ሊትር ይበላል እንበል፣ 200 ሰዓት ሄዶ 1,800 ማይል ላይ ደረቀ። ያው መርከብ ወደ 7 ቢያወርደው በሰዓት ወደ 19 ሊትር ይቀንስና ርቀቱ 3,000 ማይል ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል፣ 6 ላይ ቢያደርገው ደግሞ 4,000ን ያልፋል። ጀነሬተሩ የሚበላው አለ፣ ንፋሱና ማዕበሉ የሚበሉት አለ፣ ለዛ ነው ጠንቃቃ ካፒቴን ሁሌ 20 በመቶ ያህል ለመጠባበቂያ የሚተወው። ከካሊፎርኒያ እስከ ሃዋይ 2,200 ማይል አካባቢ ነው፣ መሀል ላይ የሚቆምበት መሬት የለም። ያ መርከብ በ9 ከተነሳ አይደርስም፣ በ7 ከተነሳ መጠባበቂያውን ሳይነካ ይደርሳል። ያው ታንከር፣ ያው ሞተር፣ ልዩነቱ ትዕግስት ብቻ ነው።

ይሄን ሂሳብ በግል ለሚጓዙ ሰዎች ካስተማሩት አንዱ ሮበርት ቢቢ የሚባል ጡረታ የወጣ የአሜሪካ ባህር ኃይል ካፕቴን ነው። በ1963 ሲንጋፖር ውስጥ ፓሴጅሜከር የምትባል 50 ጫማ ጀልባ አሰርቶ በሞተር ኃይል ውቅያኖስ አቋረጠባት። የሚገርመኝ ግን የተጠቀመበት ዘዴ አዲስ አለመሆኑ ነው፣ ዓሣ አጥማጆች ዕለት ዕለት የሚሰሩበትን ነው የወሰደው። ለምሳሌ መንገዋለልን እንይ። ሸራ ያለው ጀልባ ንፋሱ አንድ ጎን ላይ ደግፎ ይይዘዋል፣ በሞተር ብቻ የሚሄድ ግን የሚይዘው ስለሌለ ከጎን ወደ ጎን ሲወዛወዝ ይውላል ያድራል፣ ሦስት ቀን እንደዛ ከተናጠ በኋላ ሰው መብላትም መተኛትም ማሰብም ያቅተዋል። ዓሣ አጥማጆቹ ለዚህ ያገኙት መላ በግራና በቀኝ ረጃጅም ክንዶች ዘርግቶ ከያንዳንዱ ክንድ ጫፍ ላይ እንደ ቀስት የሾለ የብረት ክንፍ በገመድ ውሃ ውስጥ ማንጠልጠል ነው። መርከቡ ወደ ግራ ሊዘም ሲል ቀኝ ያለው ብረት ወደ ላይ አልጎተትም ብሎ ውሃውን ይዞ ይቀራል፣ ወደ ቀኝ ሲል ደግሞ የግራው። ሞተር የለውም፣ ኤሌክትሪክ የለውም፣ የሚበላሽ ነገር የለውም።

ለዚህ ነው ዛሬም ሩቅ መሄድ የሚፈልግ ሰው የሥራ መርከብ ነገር የሚያየው፣ ወይ ያረጀ ትራውለር (መረብ እየጎተተ ዓሣ የሚያጠምድ መርከብ) ገዝቶ ያድሳል ወይ በትራውለር መልክ የተሰራ አዲስ ይገዛል። ወፍራም አካል፣ ቀስ ብሎ የሚዞር አንድ ትልቅ ሞተር፣ ጭሱን በቀጥታ ሽቅብ የሚያወጣ ጭስ ማውጫ፣ የሞተሩን ሙቀት ከመርከቡ ሆድ ስር ባሉ ቱቦዎች ለባህሩ የሚሰጥ ማቀዝቀዣ፣ ስለዚህ ጨው ውሃ ወደ ውስጥ ገብቶ የሚደፍነው ነገር አይኖርም። በተረፈ ግን ዋናው ጠላት ማዕበል ሳይሆን ናፍጣው ውስጥ ያለው ቆሻሻ ነው። ባህሩ ጸጥ ሲል ታንከሩ ስር ተኝቶ የነበረው አተላ ልክ ማዕበል ሲመታ ይበጠበጥና ፊልተሩን ይደፍናል፣ ሞተሩም መቆም በሌለበት ሰዓት ይቆማል። ልምድ ያላቸው ሰዎች ታንከራቸውን የሚያጥቡትና ፊልተር በካርቶን ጭነው የሚነሱት ለዚህ ነው።

እነዚህ የግል ተጓዦች ግን የሥራ መርከብ ላይ የማይታይ አንድ ትልቅ ነገር አላቸው፣ የሚቆሙበትን ራሳቸው ይወስናሉ። ሦስት ሰው ሆነው በአራት አራት ሰዓት ተረኛ እየሆኑ አስራ አምስት ሃያ ቀን ይሄዳሉ፣ ወደብ ይገባሉ፣ እንቅልፋቸውን ይጠግባሉ፣ አትክልት ይገዛሉ፣ የከፋው ከዛ ተነስቶ በአውሮፕላን ቤቱ ይሄዳል። ርቀታቸው የሚለካው በናፍጣና በሰው አንድ ላይ ነው፣ ሁለቱም በአንድ ወደብ ነው የሚሞሉት። አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፣ ምክንያቱም በኢንዱስትሪው ዓሣ ማስገር ውስጥ የተፈጠረው ነገር ይሄ ገመድ መበጠሱ ነው።

በ1954 ፌርትራይ የምትባል ስኮትላንድ አበርዲን ውስጥ የተሰራች መርከብ ሥራ ጀመረች። መረቡን በጎን ሳይሆን ከኋላ በተንሸራታች መንገድ እየጎተተች ወደ ላይ ታወጣለች፣ ከስር ባለው ፋብሪካ ዓሣው እዛው ይዘለዘላል፣ እዛው ይቀዘቅዛል። ከዛ በፊት የነበሩት ትራውለሮች ዓሣውን በበረዶ ነበር የሚይዙት፣ በረዶው ሲሟሟ ዓሣው ይበላሻል፣ ስለዚህ ወደዱም ጠሉም በሁለት በሦስት ሳምንት ወደ ቤት መመለስ ነበረባቸው። ሳይታሰብ በረዶው የሠራተኞቹ ጠበቃ ሆኖ ነበር ማለት ይቻላል። ፍሪዘር ሲመጣ ያ ሰዓት ቆጣሪ ጠፋ። ሶቪየቶቹ፣ ጃፓኖቹ፣ ስፔኖቹ ሌሎቹም ተከተሉ። ቀጥሎ አገሮች ከባህር ዳርቻቸው እስከ 200 ማይል ያለው ዓሣ የኛ ነው ማለት ጀመሩ፣ በ1982ቱ የተባበሩት መንግሥታት የባህር ሕግ ስምምነት ላይ ጸደቀ፣ ስምምነቱ በ1994 ሥራ ላይ ዋለ። የሩቅ ባህር መርከቦች ሥራ አላቆሙም፣ ማንም ወዳልያዘው ክፍት ባህር ይበልጥ ገፉ። በ2018 የወጣ በሳተላይት መረጃ የተሰራ ጥናት እንዳሳየው በዚህ ክፍት ባህር ላይ ከሚታየው የማስገር ሥራ ከ85 በመቶ በላዩ የቻይና፣ የስፔን፣ የታይዋን፣ የጃፓንና የደቡብ ኮሪያ መርከቦች ነው። አርጀንቲና አጠገብ ከ200 ማይሉ መስመር ወዲያ ማዶ በመቶ የሚቆጠሩ ስኩዊድ (እንደ ኦክቶፐስ ብዙ እጅ ያለው የባህር እንስሳ) አጥማጅ መርከቦች ሌሊት የሚያበሩት መብራት ከጠፈር ሳይቀር ይታያል።

እንዴት ነው ታዲያ እዛ ድረስ ሄደው የሚቆዩት? ሦስት መርከብ በአእምሯችሁ ሳሉ። አንደኛው ዓሣ አስጋሪው ነው። ሁለተኛው ናፍጣ የጫነ ታንከር ነው፣ ከአንዱ አስጋሪ ወደ ሌላው እየዞረ ቱቦ ወርውሮ ይሞላል። ሦስተኛው ፍሪዘር ጫኝ መርከብ ነው፣ አስጋሪው ጎን ይመጣና መሀላቸው ትልልቅ የጎማ ትራሶች ይጣላሉ፣ ሁለቱ መርከቦች ማዕበሉ ላይ ሲነሱና ሲወድቁ ትራሶቹ እያጓሩ ይጨመቃሉ። በክሬን እንደ ድንጋይ የደረቀ ቱና በጭራው ታስሮ በእስር በእስር እየሆነ ከአንዱ ሆድ ወደ ሌላው ይሻገራል፣ በመልሱ ደግሞ ካርቶን ይመጣል፣ ማጥመጃ፣ ሩዝ፣ ኑድል፣ ሲጋራ። ቀኑ ሳያልቅ ይለያያሉ። ፍሪዘር ጫኙ ወደ ወደብ፣ አስጋሪው ወደ ሥራው። እዛ አስጋሪ ላይ ያለው ልጅ ለማዶው መርከብ እጁን ከማውለብለብ ሌላ ምንም አማራጭ የለውም። መርከቡ በዚህ መንገድ አንድ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዛ በላይ ወደብ ሳይነካ ይቆያል።

ቱናው ለጥሬ መበላት የሚሸጥ ከሆነ የሚቀመጠው ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ ላይ ነው። እዛ ቅዝቃዜ ላይ ሥጋው ቀለሙ እንኳን ሳይለወጥ በጣም ረጅም ጊዜ ይቆያል። ሰውስ? የመንጠቆ መርከብ ላይ ያለው ቀን ይሄን ይመስላል፣ ከ100 ኪሎ ሜትር ሊበልጥ የሚችል ገመድ ላይ እስከ 3,000 የሚደርስ መንጠቆ አንድ በአንድ ማጥመጃ እየሰኩ መጣል አምስት ስድስት ሰዓት ይፈጃል፣ ትንሽ ይጠበቃል፣ ከዛ መልሶ መሰብሰቡ አስርም አስራ ሁለትም ሰዓት ይወስዳል፣ ዓሣው በበዛ ቁጥር ይረዝማል። ደምሩት። ለእንቅልፍ የምትተርፈው ጊዜ ከዚህ የተረፈች ናት፣ ያውም በየቀኑ፣ ቅዳሜ እሁድ የለም።

የምግቡ ነገር ብቻውን ጽሑፍ የሚወጣው ነው። ቤሪቤሪ የሚባል በሽታ አለ፣ ከቫይታሚን ቢ1 እጥረት የሚመጣ። ሰውነታችን ይሄን ቫይታሚን ብዙ አያከማችም፣ ከምግብ ካላገኘ በሳምንታት ውስጥ መጉደል ይጀምራል። ለረጅም ጊዜ ነጭ የተፈተገ ሩዝና ኑድል ብቻ የሚበላ ሰው እግሩ ያብጣል፣ ቁርጭምጭሚቱን በአውራ ጣት ጫን ብለህ ስትለቀው ጉድጓዱ እዛው ይቀራል፣ ቶሎ አይመለስም። ደረጃ መውጣት ያቅተዋል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ በመጨረሻ ልቡ ይደክማል። መድኃኒቱ ደግሞ ርካሽ ኪኒን ነው፣ ወይም ገብስ፣ ባቄላ፣ ሥጋ።

ይሄ እውቀት አዲስ ቢሆን ኖሮ አላዝንም ነበር። በ1883 ሪዩጆ የምትባል የጃፓን ባህር ኃይል ማሰልጠኛ መርከብ በፓሲፊክ ዙሪያ 272 ቀን ተጉዛ ስትመለስ ከ376 ሰዎቿ 169ኙ ቤሪቤሪ ይዟቸው 25ቱ ሞተው ነበር። ታካኪ ካኔሂሮ የሚባል የባህር ኃይሉ ሐኪም ችግሩ ምግቡ ነው ብሎ ተከራከረ፣ በዓመቱ በ1884 ትሱኩባ የምትባል ሌላ መርከብ ምግቧ ተለውጦ በዛው መንገድ ተላከች። ጥቂት ሰው ብቻ ታመመ፣ በበሽታው አንድም ሰው አልሞተም። ቫይታሚን የሚባለው ቃል ራሱ ገና አልተፈጠረም ነበር እኮ። ከዛ 136 ዓመት ቆጥራችሁ ወደ 2020 ኑ። አንድ ቱና አጥማጅ መርከብ ላይ ከአንድ ዓመት በላይ የቆዩ ኢንዶኔዥያውያን ልጆች ደቡብ ኮሪያ ቡሳን ወደብ ሲወርዱ አራት ጓደኞቻቸው ሞተውባቸዋል፣ ሦስቱ ባህር ላይ ሬሳቸው ውሃ ውስጥ ተጥሏል፣ አራተኛው ወደብ ከደረሰ በኋላ ነው የሞተው። የተናገሩት ምልክት እግር ማበጥ፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ደረት ላይ ህመም ነው። የሚጠጡት ከባህር የተጣራ ውሃ እንደነበር፣ የታሸገው ውሃ ለሌሎች እንደነበር ተናገሩ። የምርመራ ወረቀት ስለሌለ እያንዳንዱ በምን ሞተ ብሎ መደምደም አይቻልም፣ ሬሳው እኮ የለም። ነገር ግን የባህር ሕክምና ባለሙያዎች ቤሪቤሪ በሩቅ ባህር አስጋሪዎች ላይ ተመልሶ መምጣቱን ሲጽፉ ቆይተዋል፣ እኔም ያን የልጆቹን ታሪክ ካነበብኩ በኋላ ነው ይሄን ነገር መተው ያቃተኝ።

ሐኪምስ? የነፍስ አድን ሄሊኮፕተር ከባህር ዳርቻ ከ200 እስከ 300 ማይል ያህል ነው ሄዶ መመለስ የሚችለው። ከዛ ወዲያ ትርፍ አንጀት የፈነዳበት ሰው ያለው መርከቡ ላይ ያለ የመድኃኒት ሳጥንና ሬዲዮ ነው። ሮም ውስጥ ከ1935 ጀምሮ ለየትኛውም አገር መርከብ በነጻ የሬዲዮ ሕክምና ምክር የሚሰጥ ማዕከል አለ፣ ብዙ ሰው አትርፏል፣ ግን መጀመሪያ ካፒቴኑ መደወል አለበት። ካፒቴኑ ካልደወለ ሌላ የሚደውል የለም።

እዚህ ላይ ስለ 1968 ሳላነሳ አላልፍም። ከእንግሊዝ ሃል ከተማ የወጡ ሦስት ትራውለሮች፣ ሴንት ሮማነስ፣ ኪንግስተን ፔሪዶትና ሮስ ክሊቭላንድ፣ በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ተከታትለው ሰጠሙ። 58 ሰው ሞተ፣ ከሦስቱም የተረፈው አንድ ሰው ነው። ሴንት ሮማነስ ጃንዋሪ 10 ስትወጣ ሬዲዮ ኦፕሬተር አልነበራትም፣ ጠፍታለች ተብሎ ፍለጋ የተጀመረው ጃንዋሪ 26 ነው። አስራ ስድስት ቀን! ሊሊያን ቢሎካ የምትባል ዓሣ ፋብሪካ የምትሰራ እናት የሰፈሯን ሴቶች አስተባብራ 10,000 ፊርማ ሰበሰበች፣ መርከቦቹ ሬዲዮ ኦፕሬተር ሳይዙ እንዳይወጡ ወደቡ ላይ ወርዳ ከፖሊስ ጋር ታገለች፣ ለንደን ድረስ ሄዳ ሚኒስትሮቹን አናገረች። ከጠየቋቸው ነገሮች መካከል ለእያንዳንዱ መርከብ ሬዲዮ ኦፕሬተር፣ ሐኪም የያዘች ደጋፊ መርከብም ከመርከቦቹ ጋር እንድትሄድ የሚል ነበረበት። ተፈጸመላቸው። ያቺ ሴትዮ ከሥራዋ ተባራለች፣ የስድብ ደብዳቤ ደርሷታል፣ ግን የሠራችው ነገር የስንቱን ነፍስ እንዳተረፈ ማን ይቆጥረዋል። ዛሬ ያሉት የሩቅ ባህር መርከቦች ደጋፊ መርከብ አላቸው፣ ይዛላቸው የምትመጣው ግን ናፍጣ ነው።

ለምን እንደዚህ ሆነ ከተባለ ገንዘቡን ማየት ነው። በ2018 በወጣ ጥናት ላይ ተመራማሪዎች የክፍት ባህር ማስገርን ወጪና ገቢ ሲያሰሉ አሁን ከሚሠራበት ቦታ እስከ 54 በመቶ የሚሆነው የመንግሥት ድጎማ ባይኖር ኪሳራ እንደሚሆን አገኙ። በዓለም ላይ ለዓሣ ማስገር በዓመት ከሚወጣው ወደ 35 ቢሊዮን ዶላር ድጎማ ውስጥ 22 ቢሊዮኑ አካባቢ መርከቦቹን ይበልጥ እንዲበዙና ይበልጥ ሩቅ እንዲሄዱ የሚያደርግ ነው፣ የነዳጅ ድጎማ ትልቁን ድርሻ ይይዛል። በዛ ላይ ያው ጥናት ድጎማው እንኳን የማይሸፍነውን ክፍተት የሚሞላው ሌላ ነገር ምን ሊሆን እንደሚችል ሲጠቅስ ለሠራተኛው የማይገባ ዝቅተኛ ክፍያን አንስቷል። በቀላል አማርኛ መርከቡን እዛ ያቆየው ሁለት ነገር ነው፣ በመንግሥት ገንዘብ የረከሰ ናፍጣና በኮንትራት የረከሰ ሰው። የዓለም የሥራ ድርጅት ከአጋሮቹ ጋር በ2022 ባወጣው ግምት ዓሣ አስጋሪ መርከቦች ላይ በግዳጅ የሚሠሩ 128,000 ሰዎች አሉ፣ ራሱ ግምቱ ከእውነተኛው እንደሚያንስ ተናግሯል። በ2015 የአሶሺየትድ ፕሬስ ጋዜጠኞች ኢንዶኔዥያ ቤንጂና ደሴት ላይ ያገኟቸውን በግዳጅ የሚሠሩ ዓሣ አጥማጆች ጉዳይ ካጋለጡ በኋላ ብቻ ከ2,000 በላይ ሰዎች ነጻ ወጥተዋል።

ሕጉስ ምን ይላል? ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር እዚህ ጋ አለ። የጭነት መርከብ ሠራተኞች በ2006 የወጣ የባህር ሠራተኞች ስምምነት አላቸው፣ አንድ ሰው 12 ወር ሳይሞላው ወደ አገሩ የመመለስ መብት አለው፣ ከዲሴምበር 2024 ጀምሮ ደግሞ በማሻሻያው ኢንተርኔት ማግኘት ሳይቀር ተካቷል። ይሄ ስምምነት ግን ዓሣ አስጋሪ መርከቦችን በግልጽ አያካትትም። ለእነሱ የተለየ የ2007 ስምምነት አለ፣ በ2017 ሥራ ላይ ዋለ፣ ከሦስት ቀን በላይ ባህር ላይ ለሚቆይ መርከብ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት፣ በሳምንት 77 ሰዓት እረፍት ይላል፣ የጽሑፍ ውል ይላል፣ የሕክምና ምርመራ ይላል። ጥሩ ነው፣ ግን የፈረሙት አገሮች ጥቂት ናቸው፣ የትልልቆቹ መርከቦች ባለቤት የሆኑ አንዳንዶቹም አልፈረሙም። ወደብ ላይ ቁጥጥር እንዲደረግ የሚያስገድድ ሌላ ስምምነትም ከ2016 ጀምሮ አለ፣ ሕገ ወጥ ዓሣ የያዘ መርከብ ወደብ እንዳይገለገል የሚከለክል፣ እሱም ቢሆን የሚሠራው መርከቡ ወደብ ሲመጣ ነው። የማይመጣ መርከብ ላይ ማን ይወጣል? ዓሣው በፍሪዘር ጫኝ መርከብ ይመጣል፣ ሰውየው አይመጣም።

ታዛቢ የሚባል አለ፣ መርከቡ ላይ ተሳፍሮ ስንት ዓሣ ተያዘ ብሎ የሚመዘግብ። በምዕራብና መካከለኛው ፓሲፊክ በትልቅ መረብ የሚያጠምዱት መርከቦች ላይ 100 በመቶ ታዛቢ ያስፈልጋል፣ መንጠቆ የሚጥሉት ላይ ግን ዝቅተኛው መስፈርት 5 በመቶ ነው፣ ሰው ለረጅም ጊዜ የሚቆየው እነዚህ ላይ ሆኖ ሳለ ማለት ነው። ታዛቢውም ብቻውን ነው፣ በ2015 አንድ አሜሪካዊ ታዛቢ ፓሲፊክ ላይ ዓሣ ከሚያሻግር መርከብ ላይ ጠፍቶ እስከዛሬ አልተገኘም።

ሰሞኑን የተለወጡ ነገሮች አሉ፣ ለዛ ነው ጉዳዩ አሁን የሚያነጋግረው። የዓለም ንግድ ድርጅት የዓሣ ድጎማ ስምምነት በሴፕቴምበር 2025 ሥራ ላይ ውሏል፣ ለሕገ ወጥ ማስገርና ማንም በማይቆጣጠረው ክፍት ባህር ላይ ለሚደረግ ማስገር ድጎማ መስጠት ይከለክላል። ከየትኛውም አገር ድንበር ውጪ ያለውን የባህር ሕይወት ለመጠበቅ የወጣው የተባበሩት መንግሥታት የክፍት ባህር ስምምነትም በጃንዋሪ 2026 ሥራ ላይ ውሏል። የምዕራብና መካከለኛው ፓሲፊክ ቱናን የሚመራው ኮሚሽን ደግሞ በዲሴምበር 2024 ለመርከብ ሠራተኞች አስገዳጅ የሥራ መስፈርት አጽድቋል፣ ከ2028 ጀምሮ ነው የሚሠራው። እንደዚህ ዓይነት ኮሚሽኖች ድሮ ስለ ዓሣው እንጂ ስለ ሰውየው አይመለከተንም ነበር የሚሉት፣ ስለዚህ ቀላል ለውጥ አይደለም። እኔ ግን አንድ ነገር ይጎድላቸዋል ብዬ አስባለሁ፣ ከሁሉ በላይ ሊሠራ የሚችለው ቀላሉ ነገር፣ አንድ መርከብ ወደብ ሳይነካ መቆየት የሚችልበት የወራት ጣሪያ።

መከራከሪያው ይገባኛል። የማጥመጃው ቦታ ከወደብ 2,000 ማይል ከራቀ በሰዓት 10 ማይል የሚሄድ መርከብ ለመሄድ ከ8 ቀን በላይ ለመመለስም እንደዛው ይፈልጋል፣ ግማሽ ወር ከሥራ ውጪ ነው፣ ናፍጣውም አለ። አንዳንድ ሠራተኛም ቶሎ ብዙ ሰርቼ ልመለስ ይላል፣ ወደብ መግባት የሚያስወጣው ወጪ ከደሞዙ የሚቆረጥ ከመሰለው ጭራሽ ላይደግፈው ይችላል። እውነት ነው። ነገር ግን አንድ ሥራ ሰውየው ሦስትና አራት ወር ሲሠራ መሬት ማየት አለበት ተብሎ ሲሰላ ኪሳራ የሚሆን ከሆነ እስከዛሬ ትርፉ የመጣው ከማን ጉልበት እንደነበር ሂሳቡ ራሱ ተናገረ ማለት ነው። ኢንተርኔት ይበቃል የሚሉም አሉ፣ የሳተላይት ኢንተርኔት ረክሷልና ልጁ ቤተሰቡን ካገኘ፣ ሲበደል መልእክት ከላከ ምን ይፈልጋል በሚል። እኔም ኢንተርኔቱ ቶሎ ይግባ ባይ ነኝ፣ ከሬዲዮ ኦፕሬተር ጥያቄ ጋር አንድ ነው። ነገር ግን ፓስወርዱ ካፒቴኑ ጋ ከሆነ ያው ነው፣ መልእክትም ቢላክ ያበጠ እግር በመልእክት አይድንም።

ጣሪያውን ለመቆጣጠር ደግሞ አዲስ መሣሪያ አያስፈልግም። አብዛኞቹ ትልልቅ መርከቦች ያሉበትን ቦታ የሚያሳውቅ መሣሪያ ይዘዋል፣ የሚያጠፉትም አሉ፣ በ2022 የወጣ ጥናት ከ2017 እስከ 2019 ባሉት ሦስት ዓመታት ሆን ተብሎ የጠፋ የሚመስል ከ55,000 በላይ አጋጣሚ ቆጥሯል፣ ማጥፋቱም ራሱ ምልክት ነው። ካላጠፉት ግን እያንዳንዱ መርከብ መጨረሻ ወደብ የነካው መቼ እንደሆነ፣ ባህር ላይ ከማን ጎን ለስንት ሰዓት እንደቆመ ከቢሮ ሆኖ ማየት ይቻላል። የወደብ ተቆጣጣሪው መርከቡ ሳይደርስ በፊት ያን ቁጥር ቢያወጣ፣ 300 ቀን የሚል ሆኖ ቢያገኘው፣ የፍሪዘሩን ቴርሞሜትር ከማየቱ በፊት ሠራተኞቹን አንድ በአንድ አስቀምጦ፣ ቦት ጫማቸውን አስወልቆ፣ ቁርጭምጭሚታቸውን በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ ይየው። አንድ ሰው ላይ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።